ልጁ ግድግዳ ታክኮ ሲሮጥ፦ ስለ ሥነ ጥበብና እንቅስቃሴ ቴራፒ

የስድስት ዓመት ልጅ እናስብ። ወላጆቹ ከተለያዩ ወዲህ ሌሊት እየባነነ ይነሳል፤ ትምህርት ቤት ደግሞ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶታል። «ምን ሆንክ?» ሲሉት «ምንም» ይላል። ወደ ቴራፒስቷ ክፍል እንደገባ ወንበሩንም ባለሙያዋንም ሳያይ ግድግዳውን ታክኮ መሮጥ ጀመረ። አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር።

ባለሙያዋ «ተቀመጥ» አላለችውም። መሀል ላይ ቆማ የእግሩን ምት በመዳፏ ጭኗ ላይ ትመታ ጀመር። በሦስተኛው ዙር እሷም መራመድ ጀመረች፤ የምታሳድደው እንዳይመስለው በክፍሉ ሌላኛው ወገን፣ ርቀቷን ጠብቃ። በአምስተኛው ዙር ልጁ ድንገት ቀጥ አለ። እሷም ቀጥ አለች። ዞር ብሎ አያት። አንድ እርምጃ ሄደ፤ አንድ እርምጃ ሄደች። ሁለት ሄደ፤ ሁለት ሄደች። ይሄኔ ሳቀ።

ከበር ሆኖ ለሚያይ ሰው ይህ ጨዋታ ነው። ከፍሎ ያመጣው ወላጅ «ለዚህ ነው እንዴ የመጣነው?» ቢልም አይፈረድበትም። ነገር ግን ቴራፒው ተጀምሯል። የቤቱ ትልልቅ ጉዳዮች ሁሉ እሱ ሳይጠየቅ የተወሰኑበት ልጅ፣ አንድን ትልቅ ሰው በእርምጃው ማስኬድና ማስቆም እንደሚችል አየ። ሩጫው እንደ ጥፋት ሳይሆን እንደ ንግግር ተቆጠረለት፤ መልስም በዚያው በጀመረው ቋንቋ አገኘ። ይህ ጽሑፍ በአብዛኛው ስለዚያ መልስ ነው። ስለ ሥነ ጥበብ ቴራፒ ሲወራ ዓይናችን ወዲያው የሚሄደው ልጁ ወደ ሠራው ሥዕል ወይም ወደ እንቅስቃሴው ነው። እኔ እንደሚገባኝ ግን የሚያሽረው ሌላ ሰው ለዚያ ሥራ የሚሰጠው ምላሽ ነው።

ምን ይባላል፣ ከምንስ ይለያል

«የሥነ ጥበብ ቴራፒ» የሚለው ስም በርካታ ሙያዎችን ይሰበስባል። ሥዕልና ሸክላ፣ ሙዚቃ፣ ድራማ፣ ዳንስና እንቅስቃሴ የየራሳቸው ሥልጠናና የሙያ ማኅበር አላቸው። የጨዋታ ቴራፒ ደግሞ የቅርብ ዘመዳቸው ነው። ሁሉም የሚጋሩት አንድ ነገር አለ፤ ልጁ የተሰማውን ነገር በቃል እንዲያስረዳ ከመጠበቅ ይልቅ፣ በሚሠራውና በሚያደርገው ነገር በኩል ባለሙያው ወደ እሱ ይሄዳል።

ከትምህርት የሚለየው እዚህ ላይ ነው። የሥዕል መምህር የልጁ እጅ እንዲሠለጥን ይፈልጋል፤ የዳንስ መምህርም እርምጃውን ያርማል። በቴራፒ ክፍል ውስጥ ግን ፈረሱ ፈረስ ባይመስል ማንም ግድ አይሰጠውም። ልጁ የሣለውን ቢቀደው መቅደዱም የሥራው አካል ይሆናል፤ ባለሙያዋ ቁርጥራጩን ሰብስባ «ይህን ምን እናድርገው?» ትለዋለች እንጂ «ምነው፣ ቆንጆ ነበር እኮ!» አትለውም። በእንቅስቃሴም ቢሆን ለወላጆች የሚቀርብ ትርዒት የለም፣ ትክክለኛ የሚባል እርምጃም የለም። ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ያለ ልጅ በአንድ ጣቱና በዓይኑ ብቻ ሙሉ ክፍለ ጊዜ መሥራት ይችላል። ትንፋሽም እንቅስቃሴ ነው።

በትምህርት ቤት ወይም በቤት ውስጥ ከልጆች ጋር መሣልና መጨፈር በጣም ጥሩ ነገር ነው፤ ግን ስሙ ሌላ ነው። ቴራፒ የሚባለው በሙያው የሠለጠነ ሰው፣ ከቤተሰቡ ጋር የተስማማበት ዓላማ ይዞ፣ እየመዘገበና በሌላ ከፍተኛ ባለሙያ እየታየ ሲሠራው ነው።

ከቃል በፊት

ልጅ አፍ ከመፍታቱ በፊት ብዙ ወራት ከሰው ጋር ሲነጋገር ይከርማል። አሜሪካዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ዳንኤል ስተርን ሕፃናትንና እናቶችን በቅርብ እየተመለከተ ያስተዋለውን እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተመው መጽሐፍ አስፍሯል (ከዚህ በኋላ የሚመጡት ዓመቶችም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ሕፃኑ አሻንጉሊቱን ወለል ላይ ደጋግሞ ሲመታ እናትየው ብዙ ጊዜ እንደሱ አትመታም፤ በዚያው ምት በድምጿ «ባ! ባ! ባ!» ትለዋለች፣ ወይም ጭንቅላቷን ትነቀንቃለች። እንቅስቃሴውን በድምፅ፣ ድምፁን በእንቅስቃሴ ትመልስለታለች። ያንኑ ብትደግመው «ያደረግከውን አየሁ» ማለት ነው። ምቱን ይዛ መልኩን ስትለውጠው ግን «የተሰማህ ነገር ገብቶኛል» አለችው። በአማርኛ ለዚህ «መቃኘት» ከሚለው የተሻለ ቃል አላገኘሁም፤ ሁለት ሙዚቀኞች አብረው ከመጫወታቸው በፊት መሣሪያቸውን እንደሚያስማሙት ያለ ነው።

ምላሹ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ያሳየው ደግሞ አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኤድ ትሮኒክ ነው። በ1970ዎቹ በሠራው ሙከራ እናት ከሕፃኗ ጋር ጥቂት ትጫወታለች፤ ከዚያ ለሁለት ደቂቃ ያህል ፊቷን ምንም ስሜት እንዳይታይበት አድርጋ ዝም ብላ ታየዋለች። ሕፃኑ መጀመሪያ ፈገግ ይላል፣ እጁን ይዘረጋል፣ ድምፅ ያሰማል። ያወቀውን ሁሉ ይሞክራል። መልስ ሲያጣ ፊቱን ያዞራል፣ አካሉ ይሰበሰባል፣ ያለቅሳል። ማንም አልመታውም፤ የጎደለው መልስ ብቻ ነው። ትሮኒክ አንድ የሚያጽናና ነገርም አስተውሏል፤ በጤነኛ ግንኙነት ውስጥም እናትና ልጅ ዘወትር አይገጣጠሙም። ይሳሳታሉ፣ ይተላለፋሉ፣ እንደገና ይገናኛሉ። ልጁን የሚያጠነክረው መሳሳቱ ሲጠገን ማየቱ ነው። ስለዚህ ቴራፒስትም ሆነ ወላጅ ሁሌ ልክ መሆን አይጠበቅበትም። ብዙ ወላጅ ይህን ሲሰማ ትንፋሹ ሲረዝም አስባለሁ።

አካልን በተመለከተ ሌላም ምክንያት አለ። ሰው ሲደነግጥ ልቡ ይመታል፣ ጡንቻው ይወጠራል፣ ትንፋሹ ያጥራል፤ መሸሽም መታገልም ካልተቻለ ደርቆ ይቀራል። ይህ ሁሉ ነፍስ ለማትረፍ የተሠራ ነገር ነው። አንዳንድ ልጅ ላይ ግን አደጋው ካለፈ በኋላም የሰውነቱ ማስጠንቀቂያ አይጠፋም። «አሁን ደህና ነህ» የሚለው ቃል ጆሮው ይደርሳል፣ ትከሻው ግን አይወርድም። እንዲህ ያለውን ልጅ በንግግር ብቻ ማረጋጋት ከባድ የሚሆነው ለዚህ ነው። በጋራ የሚመታ ከበሮ፣ መወዛወዝ፣ ግድግዳን በሙሉ ጉልበት መግፋት፣ ቀስ ብሎ መተንፈስ፤ እነዚህ ትከሻው በሚሰማው ቋንቋ የሚነገሩ ናቸው።

1942

የሙያውን ታሪክ ሳነብ አንድ ዓመት ደጋግሞ ይመጣብኛል። እ.ኤ.አ. በ1942፣ ዓለም በጦርነት በምትታመስበት ጊዜ፣ እርስ በርስ የማይተዋወቁ ሦስት ሰዎች በሦስት ቦታ ተመሳሳይ ነገር ይሠሩ ነበር።

ዋሽንግተን ውስጥ ማሪያን ቼስ የምትባል የዳንስ መምህርት ቅዱስ ኤልሳቤጥ በሚባለው ትልቅ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል መሥራት ጀመረች። ቀደም ብላ፣ ዳንሰኛ የመሆን ሐሳብ የሌላቸው ተማሪዎቿ ለምን ትምህርቱን እንደማይተዉት ስትጠይቅ፣ የሚፈልጉት ከጥበቡ ይልቅ በመንቀሳቀስ የሚያገኙትን እፎይታ መሆኑን ተረድታ ነበር። ሆስፒታሉ ውስጥ ለዓመታት ከማንም ጋር ያልተነጋገሩ ሕሙማን ነበሩ። ቼስ ክብ ሠርታ አቆመቻቸው፤ አንዱ እጁን ትንሽ ሲያወዛውዝ ያንን ይዛ ሌሎቹ እንዲቀበሉት አደረገች። በ1966 የአሜሪካ የዳንስ ቴራፒ ማኅበር ሲመሠረት የመጀመሪያዋ ፕሬዝዳንት ሆነች።

እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ ሠዓሊው ኤድሪያን ሂል በሳንባ ነቀርሳ ታሞ ሳናቶሪየም በተኛበት ወቅት መሣሉ እንዴት እንዳቆየው አይቶ፣ ለሌሎች ሕሙማንም አስተማረ። «የሥነ ጥበብ ቴራፒ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ስያሜ ያወጣው እሱ ነው፤ ዘመኑም ያው 1942 ነው።

ሦስተኛዋ ፍሪድል ዲከር ብራንዳይስ ናት። በጀርመን በታዋቂው የባውሃውስ የሥነ ጥበብና ንድፍ ትምህርት ቤት የተማረች አይሁዳዊት ሠዓሊ ነበረች። በታኅሣሥ 1942 ናዚዎች ቴሬዚን ወደተባለው፣ በዛሬዋ ቼክ ሪፐብሊክ ወዳለው ጌቶ ሲያግዟት፣ በተፈቀደላት ሻንጣ ውስጥ የያዘችው በአብዛኛው የሥዕል ዕቃ እንደነበር ይነገራል። እዚያ ለታጎሩት ልጆች በድብቅ ሥዕል ታስተምር ጀመር። ልጆቹ ቁጥር ተሰጥቷቸው ሳለ እሷ እያንዳንዱ ሥዕል ላይ ስማቸውን እንዲጽፉ ታደርጋቸው ነበር። የትንፋሽና የምት ልምምድ ታሠራቸዋለች፣ የሚያስታውሱትን፣ የሚመኙትን፣ በመስኮት የሚያዩትን ይሥሉ ነበር። በጥቅምት 1944 ወደ አውሽዊትዝ ተወስዳ ተገደለች። ከልጆቹም አብዛኞቹ ተገደሉ። ከመወሰዷ በፊት ግን 4,500 ገደማ ሥዕሎች በሁለት ሻንጣ ታሽገው ተደብቀው ነበርና ዛሬ በፕራግ የአይሁድ ሙዚየም ይገኛሉ።

ይህን ታሪክ የማነሳው ሥዕል ልጆቹን አዳናቸው ለማለት አይደለም፤ አላዳናቸውም። ግን በዚያ ቦታም አንዲት ሴት ከአንድ ልጅ ጎን ተቀምጣ የሠራውን እያየች፣ ስምህን ጻፍበት ብላዋለች። የእሷ ተማሪ የነበረችው ኤዲት ክሬመር በ1938 ወደ አሜሪካ ተሰዳ፣ ለልጆች የሚሰጠውን የሥዕል ቴራፒ ከመሠረቱት ሰዎች አንዷ ሆናለች። ሙያው ያንን አደራ ይዞ ነው የመጣው።

በሙዚቃ በኩል በ1959 አሜሪካዊው የሙዚቃ ደራሲ ፖል ኖርዶፍና እንግሊዛዊው የልዩ ፍላጎት መምህር ክላይቭ ሮቢንስ እንግሊዝ ውስጥ አብረው መሥራት ጀመሩ። ኖርዶፍ ልጁ ሲያለቅስ ለቅሶውን ለማስቆም አይቸኩልም፤ የለቅሶውን ድምፅ ከፍታና ምት ፒያኖው ላይ ያገኝና ከልጁ ጋር ያዜማል። ልጁም ለቅሶውን የሚያጅብ ሰው እንዳለ ሲሰማ ለአፍታ ቆም ብሎ ያዳምጣል።

ክፍሉ ውስጥ

ክፍለ ጊዜው ብዙውን ጊዜ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይወስዳል፤ በሳምንት አንዴ፣ በተመሳሳይ ቀን፣ በተመሳሳይ ክፍል። አጀማመሩና አጨራረሱ አይለዋወጥም፤ አንድ ዓይነት ሰላምታ፣ አንድ ዓይነት ስንብት። ሕይወቱ የተመሰቃቀለበት ልጅ «ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ አውቃለሁ» የሚልበት አንድ ሰዓት ማግኘቱ ራሱ መድኃኒት ነው። ክፍሉ ውስጥ ያለው ዕቃ ቀላል ነው። ስስ ጨርቆች፣ የሚለጠጥ ላስቲክ፣ ኳስ፣ ከበሮ፣ ወረቀትና ቀለም፣ ሸክላ፣ ሁሉም ልጅ ጠርዙን ይዞ የሚያነሳው ሰፊ ጨርቅ። ክልክል የሆነው ነገርም ጥቂት ነው፤ ራስን፣ ሰውንና ክፍሉን መጉዳት።

የእንቅስቃሴ ባለሙያ ምን እንደምታይ ለመረዳት የዳንስ ተመራማሪው ሩዶልፍ ላባን (1879–1958) የተወውን መንገድ ማወቅ ይጠቅማል። ላባን ስለማንኛውም እንቅስቃሴ አራት ነገር ይጠይቃል። ጉልበቱ ብርቱ ነው ወይስ ቀላል? ጊዜው ድንገተኛ ነው ወይስ የተራዘመ? አቅጣጫው ቀጥተኛ ነው ወይስ ዙሪያውን የሚቃኝ? ፍሰቱስ የተለቀቀ ነው ወይስ የተያዘ? ሁላችንም ስምንቱንም መልሶች እንጠቀማለን፤ ሚስማር ስንመታና የተኛ ሕፃን ስናለብስ እጃችን አንድ አይደለም።

አሁን ክፍል ውስጥ ጓደኞቹን የሚገፋ ልጅ እንውሰድ። እጁ ሁሌ ብርቱ፣ ድንገተኛና ቀጥተኛ ነው፤ ሰላም ሊል ሲፈልግም ይገፋል። ክፉ ስለሆነ አይደለም፣ ሌላ መንገድ የለውም። «ቀስ በል» የሚለው ትእዛዝ የሌለውን ነገር አውጣ ማለት ነው። ባለሙያዋ መጀመሪያ ወደ እሱ ብርታት ትሄዳለች፤ መዳፍ ለመዳፍ ገጥመው ይገፋፋሉ፣ ወለሉን አብረው በእግር ይመታሉ። ብርታቱ የሚወደድበት ቦታ አገኘ ማለት ነው። ቀጥሎ ጊዜውን ብቻ ትለውጣለች፤ «ይህን ግድግዳ እንግፋው፣ ግን በጣም ከባድ ስለሆነ ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ እያለ ነው የሚሄደው።» ጉልበቱ እንዳለ ሆኖ ድንገተኛነቱ ቀረ። ከሳምንታት በኋላ ስሱ ጨርቅ ይመጣል። ስስ ጨርቅን በኃይል ቢወረውሩት አይሄድም፣ እግር ሥር ይወድቃል። እንዲንሳፈፍ እጅ ቀላል መሆን አለበት። ልጁን ማንም ሳይመክረው ጨርቁ አስተማረው።

ተቃራኒውም አለ። አካሉን ሰብስቦ የሚኖር፣ ክርኑ ከጎኑ የማይለይ፣ ሲሄድ ወለሉ የማይሰማው ልጅ። ብዙ ጊዜ ጨዋ ተብሎ ስለሚመሰገን ማንም ወደ ባለሙያ አያመጣውም። እኔ ከሚገፋው ልጅ ይልቅ ስለዚህኛው እጨነቃለሁ።

መስተዋት መሆን የሚባለውን ዘዴ በተመለከተ አንድ ጥንቃቄ ላክል። የልጁን እንቅስቃሴ እንዳለ መቅዳት ልጁን ሊያስቆጣው ይችላል፤ ሰው እኛን አስመስሎ ሲያሾፍብን የሚሰማንን ሁላችንም እናውቃለን። የሠለጠነ ባለሙያ ቅርጹን ሳይሆን ጣዕሙን ነው የሚይዘው። ልጁ ጥግ ላይ ተኮራምቶ ከተቀመጠ፣ ከሱ ርቃ ትቀመጥና ትንፋሿን ከትንፋሹ ጋር ታስማማለች። ሌላ ምንም ላታደርግ ትችላለች። ለሃያ ደቂቃም ቢሆን።

ሥዕል እንደ ኮከብ ቆጠራ አይነበብም

ወላጆች በብዛት የሚጠይቁት ጥያቄ አለ። «ልጄ በጥቁር ብቻ ይሥላል፤ ምን ማለት ነው?» መልሱ ብዙ ጊዜ፦ ጥቁሩ ቀለም ቅርብ ስለነበር ይሆናል። ወይም ነጭ ወረቀት ላይ ደምቆ ስለሚታይ። ወይም በእርግጥ አዝኖ ይሆናል። ከሥዕሉ ብቻ ማወቅ አይቻልም። እጅ የሌለው ሰው፣ በር የሌለው ቤት፣ ትልቅ ጥርስ፤ እነዚህን እንደ መዝገበ ቃላት እየተረጎሙ «ልጅዎ ይህን ደርሶበታል» የሚሉ ሰዎች አደገኛ ናቸው። ቤተሰብ ያፈርሳሉ፣ ወይም እውነተኛውን ችግር ያሳልፋሉ።

ጥሩ ባለሙያ ሥዕሉን ከልጁ ጋር ሆና ታያለች። እንግሊዛዊው የሕፃናት ሐኪም ዶናልድ ዊኒኮት ይጫወተው የነበረው ጨዋታ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ወረቀት ላይ አንድ የተጠማዘዘ መስመር ይጥላል፤ ልጁ መስመሩን የሆነ ነገር ያደርገዋል። ከዚያ ልጁ መስመር ይጥላል፣ ሐኪሙ ይጨርሰዋል። እንዲህ እየተቀባበሉ ሲሄዱ ልጁ ማንም ሳይጠይቀው የሚያስጨንቀውን ያወጣል። ልብ በሉ፤ ሐኪሙም ይሥላል፣ ሐኪሙም ይሳሳታል።

ልጁ ብቻውን አልታመመም

ልጅን ወደ ባለሙያ ስናመጣ ብዙዎቻችን እንደ ተበላሸ ሰዓት ነው የምናመጣው፤ ተጠግኖ እንዲመለስልን። ነገር ግን የልጁ ምት የሚሠራውና የሚበላሸው ከቤቱ ምት ጋር ነው። የልጆች የሥነ አእምሮ ሐኪሟ ጁዲት ኬስተንበርግ የሕፃናትን እንቅስቃሴ ለዓመታት ስትከታተል፣ አንዳንድ እናትና ልጅ ሳይጠላሉ ምታቸው ብቻ እንደማይገጥም አይታለች። ልጁ ቀስ ብሎ የሚያኝክ፣ ቀስ ብሎ የሚነቃ፣ እናትየው ደግሞ ሁሉን ቶሎ የምትጨርስ ከሆነች፣ ጠዋት ጫማ ማድረግ በየቀኑ ጦርነት ይሆናል። ጥፋተኛ የለም፤ ሁለት ፍጥነት ነው ያለው። ይህን በእንቅስቃሴ ማሳየት ይቻላል። እናትና ልጅ አንድ ላስቲክ ሁለት ጫፍ ይዘው ክፍሉን ይዞራሉ፤ ላስቲኩ እንዳይረግብም እንዳይወጠርም። እናትየው ስትፈጥን እጇ ላይ ይሰማታል። ለማንም የሚገባ ነው፣ ማንንም አይወቅስም።

በሥዕል በኩል ደግሞ ፖላንድ የተወለደችው ሐና ክፊያትኮፍስካ በአሜሪካ ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ተቋም ሙሉ ቤተሰቦችን አስቀምጣ ታሥል ነበር። ከዚህ ዓይነት ሥራ የመጣ ቀላል ልምምድ አለ፤ አንድ ትልቅ ወረቀት፣ ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል አንድ የተለየ ቀለም፣ ንግግር የለም። አሥር ደቂቃ አብራችሁ ሣሉ። መጨረሻ ላይ ወረቀቱ ብዙ ነገር ይዞ ይቀመጣል። ማን ጀመረ? ቀዩ መስመር የማንን ሥዕል ሸፈነ? የትንሿ ልጅ ቢጫ ለምን ጥግ ላይ ብቻ ቀረ? አባትየው መናገር ስላልተፈቀደለት ለመጀመሪያ ጊዜ ልጁ የምትሠራውን አየ። ቤተሰቡ ስለራሱ የማይናገረውን ነገር ስለ ወረቀቱ ማውራት ይችላል፤ «ቢጫው ወደ መሀል እንዲመጣ ምን ያስፈልጋል?» ተብሎ።

ከዚህም አልፎ በርናርድና ሉዊዝ ጌርኒ የተባሉ ባልና ሚስት በ1960ዎቹ ደፋር ሐሳብ አመጡ፤ የጨዋታ ቴራፒን ዋና ችሎታ ለወላጆች ለምን አናስተምርም? ወላጁ በባለሙያ እየታገዘ፣ በሳምንት አንዴ ለግማሽ ሰዓት ያህል ልጁ የሚመራው ጨዋታ ውስጥ ይገባል። ወላጁ አያስተምርም፣ አያርምም፣ የሚያየውን ብቻ ይመልሳል። ከባድ ነው። ሞክሩት፤ በሦስት ደቂቃ ውስጥ «ይህ ምን ዓይነት ቀለም ነው?» ብላችሁ ፈተና ትሰጣላችሁ።

ይሠራል ወይ?

እዚህ ላይ ሙያውን የምንወድ ሰዎች ከልክ በላይ እንናገራለን፤ ስለዚህ የተጠናውን እንዳለ ላስቀምጥ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባወጣው ዘገባ ሥነ ጥበብና ጤናን የሚመለከቱ ከ3,000 በላይ ጥናቶች ተቃኝተው፣ ለጤና ጥቅም እንዳለው በጥቅሉ ተመልክቷል። «በጥቅሉ» የሚለው ቃል ግን የአንድን ልጅ ጉዳይ አይወስንም።

በኦቲዝም ላይ የተሠራው ትልቅ የሙዚቃ ቴራፒ ሙከራ በ2017 ታትሟል። በ9 አገሮች 364 ልጆች ተሳትፈውበት፣ ሙዚቃ የተጨመረላቸው ልጆች የኦቲዝም ምልክት ክብደት ካልተጨመረላቸው ልጆች የሚለይ ሆኖ አልተገኘም። ይህ ለብዙዎች መራራ ዜና ነበር። የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው ዓለም አቀፍ ድርጅት ኮክሬን በ2022 ያደሰው ግምገማ 26 ጥናቶችንና 1,165 ተሳታፊዎችን አንድ ላይ ሲያይ ደግሞ፣ በአጠቃላይ መሻሻልና በኑሮ ጥራት በኩል ጥቅም ሳይኖረው እንደማይቀር፣ በንግግርና በማኅበራዊ ግንኙነት በኩል ግን ግልጽ ልዩነት እንዳልታየ አስፍሯል። ለድብርት የሚሰጥ የዳንስ ቴራፒን የገመገመው የ2015 የኮክሬን ሥራ ያገኘው 3 ጥናትና 147 ሰው ብቻ ነበር፤ ከነሱም 40ዎቹ ብቻ በአሥራዎቹ ዕድሜ ያሉ ናቸው። በዚያ ላይ ተመሥርቶ ቁርጥ ያለ ነገር መናገር አይቻልም ተባለ።

እኔ ከዚህ የምረዳው፣ ይህ ቴራፒ ኦቲዝምን «ያድናል» የሚል ሰው ካለ እየዋሸ መሆኑን ነው። ልጁ ከሌላ ሰው ጋር ደስ የሚልና የሚያስተማምን ጊዜ እንዲያገኝ፣ ስሜቱን እንዲይዝ፣ ቤተሰቡም እሱን ማንበብ እንዲማር ማገዙ ግን በቂ ምክንያት ነው። ጥናቶቹ ትንንሽ የሆኑበት አንዱ ምክንያት ሙያው ራሱ ነው፤ ለእያንዳንዱ ልጅ የሚሰጠው መልስ ስለሚለያይ እንደ ክኒን እኩል መጠን ለክቶ ማነጻጸር ይከብዳል። ያም ሆኖ የተሻለ ጥናት መጠየቅ ለልጆቹ ያለብን ዕዳ ነው።

ማን ጋ መሄድ፣ መቼስ አለመጠበቅ

ልጁ የማይሰማ ሆኖ ከታየ የመስማት ምርመራ ይቅደም፤ የእድገት መዘግየት፣ ድንገተኛ የባሕርይ ለውጥ፣ ራስን መሳትና መንቀጥቀጥ የሕክምና ሐኪም ማየት ያለበት ነገር ነው። ልጅ ራሱን ስለመጉዳት ወይም ስለመሞት ከተናገረ፣ ወይም ጥቃት እየደረሰበት እንደሆነ ከተጠረጠረ የሳምንቱን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን እርዳታ ይፈለጋል። የሥነ ጥበብ ቴራፒ ከሌላ ሕክምና ጋር አብሮ ይሄዳል እንጂ ሌላውን አያስተውም።

የባለሙያውን ሥልጠና ለመጠየቅ አይፈሩ። በብዙ አገሮች ሙያው የማስተርስ ደረጃ ትምህርትና በክትትል የተሠራ የተግባር ሰዓት ይጠይቃል። በእንግሊዝ ለምሳሌ የሥዕል፣ የሙዚቃና የድራማ ቴራፒስት የሚሉት መጠሪያዎች በሕግ የተጠበቁ ናቸው፤ ያልተመዘገበ ሰው ሊጠራባቸው አይችልም። ከወረቀቱ ባሻገር «ልጄ ክፍሉ ውስጥ የሚናገረውን ሁሉ ይነግሩኛል?» ብለው ይጠይቁ። «አዎ፣ ሁሉን» ካለዎት ይጠንቀቁ። ጥሩ ባለሙያ ደኅንነቱን የሚነካ ነገር ሲኖር እንደሚናገር፣ ሌላው ግን የልጁ መሆኑን አስቀድሞ ያስረዳል። በፍጥነት ተአምር ቃል የሚገባ፣ ልጁን ሳያይ ሥዕሉን የሚተረጉም፣ ያልፈለገን ልጅ እንዲነካ ወይም እንዲታቀፍ የሚያስገድድ ሰው ዘንድ ልጅዎን አይተዉ።

ቤት ውስጥስ? ቴራፒስት መሆን አይጠበቅብዎትም፣ መሆንም የለብዎትም። በቀን አሥር ደቂቃ ስልክ አስቀምጦ ልጁ የሚያደርገውን መከተል ግን ይቻላል። ሲዘል መዝለል፣ ጋደም ሲል ጋደም ማለት። ሥዕል ሲያመጣ «ምንድን ነው ይሄ?» ከማለት «ይህን ሰማያዊ በኃይል ነው የጫንከው» ማለት። የሚያዩትን ሲናገሩ ልጁ ከፈለገ ይቀጥላል፣ ካልፈለገም ዝም ይላል። ዝምታውንም ይቀበሉት።

ቴራፒው ሲያልቅ ድንገት አይቋረጥም። ልጁ ከሳምንታት በፊት ይነገረዋል፤ ስንት ጊዜ እንደቀረ አብረው ይቆጥራሉ፣ ብዙ ጊዜም በወረቀት ላይ። በተለይ ሰው ድንገት ተለይቶት ለመጣ ልጅ፣ ስንብት እንዲህ በዝግታ ሲሆን ማየቱ አዲስ ነገር ነው። ሥዕሎቹ በስሙ በተከፈተ ፎልደር ተቀምጠው ቆይተዋል፤ በመጨረሻው ቀን ያወጣቸዋል፣ አንድ በአንድ ወለል ላይ ይደረድራቸዋል። የትኛውን ወደ ቤት እንደሚወስድ፣ የትኛውን እዚያው ትቶት እንደሚሄድ፣ የትኛውን እንደሚቀድ የሚወስነው እሱ ነው። አንዱን ይዞ ሲወጣ ደጅ ላይ የሚጠብቀው ወላጅ ስለ ሥዕሉ ምንም ባይጠይቅም ይሆናል። የት እንዲሰቀልለት እንደሚፈልግ ግን ይጠይቀው።